ሐጂ ይመር ጓሮ የታሰረው ጭልፊት

አረፍ በሉ እስቲ። አንተ በሩ ላይ የተገተርከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ። አንቺም ሰዓዳ እየጻፍሽ እግርሽን አታወዛውዢ፣ ፊደሉ ይንጋደድብሻል። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ወደ ኋላ አልመለስም፤ ያመለጠሽን ከራስሽ ሙይው፣ ብቻ እንዳታሳምሪው።

ሰው ስለ ረሃብ ሲያወራ ሆድ ሆድ ብቻ ነው የሚለው። ዓይንን የሚያነሳት የለም። ሆድ ሥራ ሲፈታ እኮ ዓይን ነው ሥራ የሚበዛባት! የማን ቤት ጭስ ወጣ፣ የማን አህያ ምን ተጭና ከዋጃ ገባች፣ የማን ልጅ አፉን እየጠረገ ወጣ። ጠግቦ የሚያድር ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን አያይም፤ የተራበ ግን ጉንዳን አፍ ላይ ያለችዋን ፍሬ ሳይቀር ማሽላ ትሁን ዳጉሳ ለይቶ ይነግርሻል። በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ቆቦ ከዳር እስከ ዳር ዓይን ብቻ ሆና ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እመኑኝ።

የዚያን ዓመት ጠግቦ ያደረ አሞራ ብቻ ነው። ከብቱ በየሜዳው ወድቆ፣ ጥንብ አንሳው ከጎብዬ እስከ ዋጃ ሰፍሮ፣ መብረር እስኪያቅተው ይበላል። የሰማዩን አሞራ ማን ይቆጥረዋል! እኔና ሐዋ የምንቆጥረው የታሰረውን ነበር።

ሐዋ የአጥር ጎረቤቴ ናት። እኔ አዲስ ሙሽራ፣ እሷ ገና ከአራስ ቤት የወጣች፣ ልጇን ያዘለች። ባሏ ከብቱን ይዞ ሳር ፍለጋ ወደ አፋር በረሃ እንደወረደ ድምፁ ጠፍቷል። እኛም ቤት የነበረችውን ቆሎ ተካፍለን ጨርሰናል። ታዲያ አንድ ጠዋት፣ «ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ልጄን ይዤ ወደ ደሴ መንገድ እወጣለሁ» አለችኝ። ወደ ደሴ መውጣት ያን ጊዜ ምን እንደነበር አስፋልቱ ይናገር። ጨቅላ ያዘለች ሴት በዚያ ስትሄድ አይተናል፤ ስትመለስ ግን አላየንም።

ጨዋታው የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘኑ በር ላይ ጭልፊት አሰረ፣ ለአይጥ ይሆነኛል ብሎ። እኔ ተገርሜ ለሐዋ ብነግራት፣ «እሱን ብቻ ነው ያየሽው? እኔ ሥጋ ቤቱ ጓሮም አይቻለሁ» አለችኝ። በዚያው ተያያዝነው፦ የታሰረ ወይ የተዘጋበት አሞራ ማን አብልጦ ያያል! የሚበር አይቆጠርም። ዶሮ አይቆጠርም።

ሰው ግቢ እንዴት ትገቡ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እሳት ልንጭር ነዋ! ፍም መያዣ የሸክላ ስባሪ፣ ገላችንን ይዘን «እሳት ስጡን» ካልን የማይከፈት በር የለም። በክፉ ቀን እህል የሚነፍግ ሞልቷል፤ እሳት የሚነፍግ ግን በእኛ አገር አልተወለደም።

ከጎጃም ተመድቦ የመጣው አስተማሪ ቤት ክንፏ የተሰበረ ጉጉት በካርቶን ውስጥ አገኘሁ።

«ጉጉት አሞራ አይደለም፣ ሟርት ነው» አለች ሐዋ።

«ሥጋ ይበላል አይበላም?»

«አማቴም ይበላሉ። እሳቸውንም ልቁጠራቸው?»

አስተማሪው እየሳቀ ለእኔ ፈረደልኝ። በማግስቱ ሐዋ ልጇን እንዳዘለች አስፋልት ድረስ ሮጣ፣ አንድ ሾፌር ለፈረንጅ እሸጣለሁ ብሎ በሽቦ ቤት የዘጋበትን ንስር አየችና ተስተካከልን። ያን ጊዜ ነው፣ «ኧረ ካሸነፍሽኝ አልሄድም!» ብላ የሳቀችው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሐዋ በሳቅ የተናገረችውን በለቅሶ አታፈርስማ! ከዚያ ወዲያ ጨዋታ መሆኑ ቀረ፤ እንቅልፍ አጥቼ የታሰረ አሞራ ፍለጋ ሆነ ሥራዬ።

ጁምዓ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው እንደተስተካከልን ነን። ወደ ሐጂ ይመር ግቢ ገባን። ሐጂ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ቀብሩንም ችግሩንም አብረን የምንወጣበት ማኅበር ነው ቅሬ ማለት። የራያ ሰው ማሽላውን ጉድጓድ ቆፍሮ እንደሚቀብር ታውቃላችሁ። ቅሬው ያለው ለሌለው ያዋጣ ሲል፣ ሁሉም «ባዶ ነኝ» አለ። ሐጂም «ወላሂ፣ የእኔ ጉድጓድ ተጠርጎ አልቋል» ብለው ማሉ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዝምተኛ ሰው ማሽላ ግን ይነቅዛል።

ከጓዳው ጀርባ ዞር ብንል፣ ሳር እንኳ ያልበቀለበት መሬት መሃል አንድ ችካል፤ ችካሉ ላይ ጭልፊት።

«አየሁ!» አልን፣ እኩል።

«እኔ ነኝ የቀደምኩ!»

«ውሸታም! አንቺ እኮ ገልሽን ነበር የምታይው!»

ልጁ ነቅቶ እስኪያለቅስ ተጯጯህን። ከዚያ ሐዋ በድንገት ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ጭልፊት ምን እየጠበቀ ነው?»

ዝቅ ብለን አየን። ከችካሉ ሥር ያለው መሬት በቅርቡ በእበት ተለስኗል። ተያየን። ለባዶ ጉድጓድ ዘበኛ አይቀጠርም።

አሁን ለማን ይነገራል? አንዷ የትናንት ሙሽራ፣ አንዷ ባሏ የጠፋ፣ ሐጂን በሐሰት ማሉ ብለን ሽማግሌ ፊት ልንቆም? አያድርስ። ሐዋ ግን መቀነቷን አጠበቀች።

«አብሽሪ» አለችኝ፣ «እሳቸውን ማን ይከሳል? የምከሰው አንቺን ነው።»

ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ ግራሩ ሥር ቅሬው ሲቀመጥ፣ ሐዋ ነጠላዬን ይዛ ጎትታ አቆመችኝ። «ፍረዱኝ! ያየሁትን አሞራ ቀማችኝ!» ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ ይመርም ሳቁ፤ ሰው ከሳቀ ስንት ጊዜው ነው! «እሺ እናንተ ዕብዶች፣ አሞራው የት ነበር?» አሉ።

«እርስዎ ጓሮ» አለች ሐዋ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ።

ሳቁ ተቋረጠ። ማንም ማንንም አላየም። ዳር ላይ የተቀመጡ አንድ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ግን ነገሩን አጎንብሰው ከጎረቤታቸው ሰሙና፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ «ይሁን፣ ምን እየጠበቀ ነው ታዲያ?» ብለው ጠየቁ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር አዞሩ። «የቅሬው አማና ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «ለባሰ ቀን ይሁን ብዬ በአደራ ያቆየሁት ነው። ቀኑም ይኸው ደረሰ።»

«ማሻ አላህ!» አለ ሸንጎው በአንድ አፍ። የትናንቱን መሐላ ያነሳ የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የእኛ አገር ሰው ጥፋተኛን ከግድግዳ አያጣብቅም፤ በር ይከፍትለትና «እንኳን በደህና ወጣህ» ይለዋል። ይሄ ፍትሕ ነው ወይ ብትሉኝ እኔ እንጃ። ማሽላው ግን ወጣ። የጉድጓዱን አፍ ከፍተው ሙቀቱ እስኪወጣ ጠበቁ፤ ያ የታፈነ የማሽላ ሽታ ሲመጣ ሰው ሽቶ እንደተረጨበት አፍንጫውን ወደ ላይ አደረገ። ለየቤቱ ተሰፈረ። ሐዋም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ጁምዓ ተሰገደ። ብቅ ብል ሐዋ ወፍጮዋ ላይ ተደፍታለች።

«አሸነፍኩሽ ማለት ነው?» አልኳት።

«ማን ፈረደልሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ክስ ያለበት ሰው ደግሞ ፍርድ ሳያይ አገር አይለቅም።»

እስካሁንም አልተፈረደም።

ሐጂ ይመርን ግን አገር ደጉ ሐጂ እያለ ሸኛቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ለቅሬው እህል ያቆየ አባት ነበረን ይላሉ። ይበሉ፤ የበላነው እኛ ነን። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ሊደብቅ የፈለገ ሰው እንዴት አሞራ ያስራል? ዓመታት አልፈው፣ ሐጂ ከሞቱ በኋላ፣ ባለቤታቸውን እትዬ ፋጡማን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ሐጂ? ሐጂማ ያሳደግነውን አውራ ዶሮ የሚፈራ ሰው ነበር!» «ታዲያ ማን አሰረው?» ብላቸው፣ ግራ ቀኝ አዩና፣ «የእኔ አፍ ታስሮ ነበር፤ እግሩን አሰርኩት» አሉኝ።

ይሄን ይዤ ወደ ሐዋ በርሬ ብሄድ፣ ለካ እሷ ያን ቀን ወደዚያ ግቢ የወሰደችኝ… አቤት! ማነው? ሐዋ ናት፣ በአጥሩ በኩል፣ ድምፅዋ እንደሁ አያረጅ። መጣሁ አልኩ እኮ! ሰዓዳ፣ እዚያው ላይ ያዢልኝ፦ ለካ እሷ ከመጀመሪያውም ከእትዬ ፋጡማ ጋር ተማክራ…