ስለ ክንፍ ሻካራነትና ስለ «አንቱ»

የአውሮፕላን ክንፍ ጉድፍ አይወድም። የፊት ጠርዙ ላይ የደረቀ ጭቃ፣ የተላተመ ትንኝ ወይም የተላጠ ቀለም ካለ፣ ተንሸራትቶ ያልፍ የነበረው አየር ይረበሻል፤ ክንፉን ወደ ኋላ የሚጎትተውም ኃይል ይጨምራል። ይህን ቡሬ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር በጥንቃቄ እናገራለሁ። አውሮፕላን በቅርብ አይቼ አላውቅም፤ ተማሪዎቼ አልጠየቁኝም፣ እናንተም አትጠይቁኝ።

የማልነግራቸው ነገር ግን አለ። የክንፉ ፊት ወደ ላይ ቀና ሲል፣ ያለ ምንም መረበሽ የሚፈሰው አየር ቶሎ ጥሎት ይሄዳል፤ ያኔ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ መሐንዲሶች አንዳንዴ ሆን ብለው ትናንሽ ጉብታዎች ይለጥፉበታል፤ የተረበሸው አየር ክንፉን የሙጥኝ ይላል። ይህን ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን ዘጋሁት። ሰው ስለ እኔ ያወራ መሰለኝ።

እኔ ጉድፍ የለብኝም። በግምገማ ስብሰባ እንኳ፣ ሁሉም ሲወቀስ፣ እኔ ላይ የሚነሣ እጅ ይጠፋል። ጠበኛ የለኝም፤ ጠያቂም የለኝም። ሁሉን ሰው «አንቱ» እላለሁ፤ እኩያዬን የአማርኛ መምህርቷን ትዕግሥትን ሳይቀር።

«አንቱ ባልኸኝ ቁጥር ቤቴ ገብቼ ሽበት እፈልጋለሁ» ትለኝ ነበር።

ወደ እናቷ ቤት፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወረች። መናኸሪያ ልሸኛት ስሄድ «አንቺ ስትሄጂ ቡሬ ባዶ ይሆንብኛል» ልላት ቆርጬ ነበር። በመስኮት ብቅ አለች።

«በሰላም ይግቡ» አልሁ።

አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ዞር ብለው አዩዋት። «የቄስ ሚስት ነሽ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አላገባሁም እናቴ!» አለች፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር። «የሚያገባኝም ቢመጣ አንቱ እያለ አይመጣም።»

መኪናው ሄደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የእሑድ ቀኖቼ ረዘሙ። አንድ እሑድ «አንቺ» ማለትን ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስለማመድ ዋልሁና፣ ድፍረቴ ሳይበርድ ቴሌ ሄጄ ቤቷ ደወልሁ። ስልኩ ሲነሣ ትንፋሼን እንኳ አልሰበሰብሁም።

«አንቺ! ናፈቅሽኝ እኮ!»

የመለሰልኝ የእናቷ ድምፅ ነበር፦ «ማነህ አንተ ባለጌ?»

«ማነው እማዬ?» አለች ትዕግሥት ከወዲያ።

«እኔ ምን አውቄው! አንድ ስድ ነው!»

ስልኩን ቀስ አድርጌ አስቀመጥሁ። ባለጌ ተብዬ አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን በር ላይ ሳልደርስ ጠፋ። ትዕግሥት የቡሬን ወንድ ሁሉ አንድ በአንድ ብትጠረጥር እንኳ፣ እኔን እንደማታስበኝ እርግጠኛ ነበርሁ።