የጋሽ ክንዱ የደንገል ኮርኒስ

ጡረታ በወጣ ማግስት መዶሻ የሚገዛ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ዕድሜውን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ምስማር መትቶ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ጠዋት የወንበር እግር ያጠብቅና ይሳካለታል። ከዚያ በኋላ ለቤቱም ለጎረቤቱም ሰላም የለም።

የእኛ ሰፈር፣ የሹም አቦው፣ ጋሽ ክንዱ ናቸው፤ የቀድሞ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ። በልቤ «ሊቀ ጠበብት» እላቸዋለሁ። በአፌ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አይተው «ይኼ ደግሞ ምን ባለሙያ ያስፈልገዋል?» ካሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ እናትዓለም ባልዲ ፍለጋ ይነሳሉ። ማብሪያ ማጥፊያ ቀየሩ፤ የሳሎኑን ሲጫኑት የሽንት ቤቱ በራ። ግድግዳ መረጉ፤ ጭቃው ከጭዱ ጋር ሳይብላላ ስለለጠፉት ደርቆ ሳይጨርስ ተላጠ። እምቢ ማለት ስለማልችል የእኔንም የግቢ በር ሠሩልኝ። ከሥሩ በጉልበት ከፍ ካላደረጉት አይከፈትም።

ሁላችንም ስንስቅ ከረምን። ልጃቸው ርሆቦት ከአዲስ አበባ እየደወለች «ቤቱ ሊወድቅባችሁ ነው፣ ክረምቱ ሲያልፍ መጥቼ እወስዳችኋለሁ» እንደምትላቸው የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጋሽ ክንዱ ደግሞ ማታ ማታ ከሰፈሩ ሥር ያለውን ሐይቅ ሳያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ያ ሁሉ መዶሻ ቤቱ ገና ሰው እንደሚያኖር ለማሳየት ነበር።

ነሐሴ ላይ የሳሎኑ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ጋሽ ክንዱ ሐይቁ ዳር ወርደው አንድ ጋሪ ሙሉ ደንገል አስጭነው መጡ። እኔ ገመድ አቀባይ ሆንሁ።

«ታንኳ ሆኖ ሰው የሚያሻግር ደንገል ዝናብ ያቅተዋል?» አሉኝ፣ ከቆርቆሮው ሥር እየደረደሩ።

«ታንኳውስ ውኃ ይጠጣ የለም እንዴ፣ አንተ ሰውዬ!» አሉ እትዬ እናትዓለም። «ቀዛፊዎቹ ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት ለጌጥ ነው?»

«እናትዓለም፣ መሰላሉን ያዢ።»

ደንገሉ እውነትም አንድ ጠብታ አላሳለፈም። የቀረውን የክረምት ዝናብ ሁሉ ጠጣው። ርሆቦት የመጣች ዕለት ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ ጋሽ ክንዱ ወደ ላይ እየጠቆሙ «አየሽ? ጠብታ የለም!» ሲሉ፣ ኮርኒሱ ሆዱን ነፋ አደረገና ከነውኃው ወጡ ላይ ወረደ። ማንም አልተጎዳም። ርሆቦት ከፀጉሯ ላይ ደንገል እየለቀመች «አባዬ፣ በቃ» አለች፣ በቀስታ። ሊቀ ጠበብት መዶሻቸውን ከጥግ አንሥተው ለእኔ አቀበሉኝ።

ጥቅምት ሳያልቅ ባልና ሚስቱ ከልጃቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ እኔ ግን ጸጥታውን አልወደድሁትም።

ባለፈው እሑድ ደወሉልኝ።

«በሩን ባለሙያ አስነካኸው?»

«ኧረ አላስነካሁም፣ ጋሼ።»

«እንዴት ትገባለህ ታዲያ?»

«በጉልበቴ ከፍ እያደረግሁ።»

«መዶሻዬን ትቼልህ አልነበር? አምጣው።»

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ትእዛዝ ማጠፊያውን ነቅዬ መልሼ መታሁ። እኔ መዶሻ ስይዝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዲህ ደስ እንደሚል የነገረኝ አልነበረም። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። መዘጋት ግን ጭራሽ እምቢ አለ። ማዶ የተቆለፈው ቤታቸው ታየኝ።

«ተስተካከለ?» አሉ።

«እርስዎ የሠሩት ነው የሚመስለው» አልኋቸው።

«አላልሁህም!» ሳቃቸው ጆሮዬን ሞላው። «ይኼ ደግሞ ምን ባለሙያ ያስፈልገዋል?»