ክብርት ወይዘሮ ስንት እና የልጄ ክላሰር

መብራት የሌለው ሰፈር አይቻለሁ፤ ውሃ የማይመጣበትም ኖሬበታለሁ። ዋጋ ጠያቂ የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ስትወጡ ከ«ደህና አደርሽ» በፊት «ስንት ገዛሽው?» የሚል ሰው እናንተም ጋ አለ። የለም ካላችሁ እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

የእኛዋ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ልብስ ይሰፋሉ። ከኋላቸው ክብርት ወይዘሮ ስንት እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት «እትዬ» ነው። ሲሠሩ ስፒሎቻቸውን በከንፈራቸው ይይዛሉ፤ የሚያወጧቸውም ለሁለት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለምግብና ለዋጋ። ዋጋውን ሰምተው የሚሰጡት ፍርድ ደግሞ ምንጊዜም አንድ ነው፦ «ተሸውደሻል!»

አንድ ጊዜ መጋረጃ ገዝቼ እንዳልዋረድ የዋጋውን ግማሽ ነገርኳቸው። «ተሸውደሻል!» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ፊቴ አብጦ ከጥርስ ሐኪም ስመለስ ጠበቁኝና «ለመንቀያው ስንት አለሽ?» አሉ። አፌ በጥጥ ስለተሞላ በጣቴ ነገርኳቸው። ጎረቤታችን የሞተ ጊዜማ ሚስቱን አቅፈው ከልባቸው እያለቀሱ፣ በጆሮዋ «ሳጥኑን ስንት አሉሽ?» ብለዋታል። ሴትዮዋ በእንባዋ መሃል መለሰች። ምን እንደተፈረደባት ታውቃላችሁ።

እንግዲህ እኔ፣ አርባ ያለፈኝ፣ ያላገባሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በጉዲፈቻ ልጅ ላሳድግ የተነሳሁት ከእኚህ ሴትዮ በላይ ባለው ፎቅ እየኖርኩ ነው። ነገሩ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ሲሰማ ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነብኝ። የቢሮ አለቃዬ «በዚህ ገንዘብ ቦታ ብትገዢ ይሻልሽ ነበር» አለኝ። ቦታ «እማዬ» ብሎ አይጠራም አልኩት። ታላቅ እህቴ «ደግሞ የማን ዘር እንደሆነች ሳይታወቅ» ብላ ጀመረች። የኛን ዘር እያወቅነው ምን ጠቀመን ብዬ አቋረጥኳት። ያወጣሁትን አልደብቅም፣ አላፍርበትምም። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ወረቀት አይጥልም፤ የከፈልኩበትን ደረሰኝ ሁሉ በቀኑ ቅደም ተከተል ክላሰር ውስጥ አስገባሁ፣ በጀርባውም የልጄን ስም በትልቁ ጻፍኩበት። ስሕተቴ ይህ ነበር።

ገንዘቡን የበላችው ልጅቷ አልነበረችም፤ ወረቀቱ ነው። ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚያስረዳው ማስረጃ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ነው፤ የጤና ምርመራውም እንዲሁ። አንዱን ሳወጣ ሌላው ያረጃል፤ ሌላውን ሳሳድስ የመጀመሪያው ያልፍበታል። ሦስተኛው ዙር ላይ ጎረቤት ምስክር አምጪ ተባልኩና ክብርት ወይዘሮ ስንትን ይዤ ጉዲፈቻው ወደሚፈጸምበት ቢሮ ሄድኩ። ከሳቸው ሌላ ቀኑን ሙሉ ቤቱ የሚውል ጎረቤት አልነበረኝም።

ጸሐፊው ወረቀቴን አገላብጦ «የወንጀል ማስረጃው በአራት ቀን አልፎበታል፤ አሳድሺና ተመለሺ» አለ። የሕፃናት ማሳደጊያው ውስጥ ልጄ መስኮት ሥር ቆማ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ።

እትዬ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

«አንተ ልጅ፣ ያረጀው ወረቀቱ ነው ወይስ ሴትዮዋ?»

«እማማ፣ ደንቡ ነው እኮ…»

«በአራት ቀን ውስጥ ምን ሠራች ብለህ ነው? ዘጠኝ ዓመት ከላዬ ኖራለች። ዋጋ እንኳ መከራከር አትችልም! ወንጀልም እኮ ብልጠት ይፈልጋል!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ጸሐፊው ላለመሳቅ ሲታገል ቆይቶ ወረቀቱን ይዞ ወደ ኃላፊው ገባ። ማኅተሙ ያን ቀን ተመታ። እንዲህ የሚከራከርልኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም፤ ላቅፋቸው እጄን ስዘረጋ «ለማኅተሙ ስንት ከፈልሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ተሸውደሻል!»

ልጄን ይዤ የመጣሁ ቀን ግን አልቻልኩም። ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። እትዬ ስፒሎቹን አውጥተው፣ ጉንጯን በጣታቸው ጀርባ ዳሰስ አድርገው «ጠቅላላ ስንት ፈጀብሽ?» አሉ።

«እትዬ፣ ልጅ ናት እንጂ ጫማ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሁለት ወር ሰላም አልተባባልንም። ያስታረቀችን ልጄ ናት፤ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫቸውን አግኝታ ቁልፎቹን በየቀለማቸው መለየት ሥራዬ ብላ ያዘችው።

አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ችላለች። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቤት የለችም። መደርደሪያው ላይ ክላሰሩ የነበረበት ቦታ ክፍት ሆኗል። ወደ ታች ሮጥኩ። ደረጃው መሃል ስደርስ ድምጿን ሰማሁ።

«እትዬ፣ ክፍላችን ያለ አንድ ልጅ ‹አንቺ የተገዛሽ ነሽ› አለኝ። ይሄ ላይ ስሜ ተጽፎበታል። ውስጡ ደረሰኝ ብቻ ነው።» ክላሰሩን አቀበለቻቸው። «እማዬ ተሸውዳለች?»

በክፍት በሩ እያየኋቸው እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የስፌት መኪናው ቆመ። እትዬ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው መሰኪያው ላይ ሰኩ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን መግለጥ ጀመሩ።

«አሥራ ሁለት ጉርድ ፎቶ! ተሸውዳለች። የጤና ምርመራ… ሦስት ጊዜ? ተሸውዳለች። ይሄ ማኅተም! ያን ዕለትም ነግሬያታለሁ።» እስከ መጨረሻው ገለጡት፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። «ያንቺ ደረሰኝ የታለ?»

«እ?»

«የወረቀት አለ። የፎቶ አለ። የማኅተም አለ። ያንቺ የለም። ልጄ፣ እኔ ስለ ግዢ አውቃለሁ፤ አንቺን የገዛሽ ሰው የለም። ለዚያ ለክፍልሽ ልጅ እትዬ ደረሰኙን ሁሉ አየችው በይው። ካላመነ ይምጣ።» ክላሰሩን ጧ አድርገው ዘጉት። «እናትሽ በወረቀቱ ተሸውዳለች። ባንቺ አልተሸወደችም። ይሄን ቃል ለማንም ብዬ አላውቅም።»

እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ። ልጄ ክላሰሩን ታቅፋ በአጠገቤ ሽቅብ አለፈች፤ ከላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ ማኅተሙ ላይ በጣም ነው የተሸወድሽው» አለችኝ።

በማግስቱ አዲስ ጫማ ገዛሁላት፤ ዋጋውን ሳልከራከር። ስንመለስ ደረጃው ሥር ስንደርስ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል እየሮጥኩ ያለፍኩት በር ላይ፣ እርምጃዬን ቀነስ አድርጌ ጠበቅኩ።