ቆሎ የዋጠው አምፕሊፋየር

የለንደን አየር ቆሎ ያለሰልሳል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ መጥቼ አየሁት። ከአገር ቤት ሲመጣ ጥርስ የሚፈትን የገብስ ቆሎ እኛ ሰፈር፣ ዊልስደን፣ አንድ ሳምንት ከሰነበተ ንፍሮ ነው። ዝናቡ በመስኮት ባይገባም እርጥበቱ ይገባል። በቁልፍ ቀዳዳ ይሁን በምን፣ እንጃ። በጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። ምን ያላደረግኩት አለ? ይለሰልሳል።

እኔ ብዙ አልናገርም። ልጄ ሰናይት "አባባ፣ ከእርስዎ ጋር ስልክ ማውራት የራስን ድምፅ ማዳመጥ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ድምፅ ላወራችሁ ነውና ታገሱኝ።

የምኖረው ከሰናይትና ከልጇ ከሃና ጋር ነው። ሃና እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ጊታር የምትጫወት ልጅ ናት። ክላፋም ያለው የጊታር አስተማሪዋ ጡረታ ሲወጣ አሮጌ አምፕሊፋየሩን ሰጣት። ሻንጣ የሚያህል ሣጥን ነው። ጀርባው ግማሹ ክፍት ነው፤ ውስጡ እንደ ትንንሽ አምፖል የሚበሩ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ቫልቭ ትላቸዋለች። ማብሪያው ሁለት ነው። አንዱን ተጭኖ መጠበቅ ነው፣ ብርጭቆዎቹ ፍም እስኪመስሉ ድረስ። ከዚያ ሁለተኛው።

ሌላ ቦታ ስለሌለ የተቀመጠው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ጧት ሃና ከመውጣቷ በፊት ትለማመዳለች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ "ጧ" ይላል። ቀጥሎ እንደ ሩቅ የንብ ቀፎ "እምምም" ይላል። ከዚያ ሽውታ ይመጣል፤ ዝናብ ከማዶ መንደር ተነስቶ ገና ወደ እናንተ ሲጓዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን ሬድዮም እንዲሁ ነበር። ይከፈታል፤ ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ እስኪሞቅ ይጠብቀዋል። ወሬውን ረስቼዋለሁ። መጠበቁን ግን አልረሳሁም። እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነ ቦታ፣ የትኛው አገር እንዳለሁ ሳላውቅ እንሳፈፋለሁ። ከታች አውቶቡሱ በሩን ሲከፍት "ጵስስ" ይልና ይመልሰኛል።

ታዲያ አንድ ቀን እጄን ወደ ጀርባው ጠጋ ባደርግ፣ ሙቀት። ደረቅ፣ የምድጃ ዳር ሙቀት። ምን ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነው? ቆሎዬ!

ሰው ሠራሽ ጥርስ ከተሠራልኝ ወዲህ ሰናይት ቆሎ ከልክላኛለች። "የጥርስ ሐኪሙ ጠንካራ ነገር አይብሉ ብሏል ወይስ አላለም?" ትለኛለች። ብሏል። ምን እላለሁ? ቆሎውን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ከስፒከሩ ኋላ፣ ዓይን ከማይደርስበት ጥግ ሸጎጥኩት። በማግስቱ ቀጭ ቀጭ አለ። እኔ ደግሞ ከዚህች ዓለም ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

በሦስተኛው ቀን ሃና ጊታሯን ታቅፋ ቆመች። "አባባ፣ ሰሙት? ሲበራ ዝዝዝ ይላል። ልክ ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል።"

 ቆርቆሮ ስትል ብርድ ልብሴን ማስተካከል ጀመርኩ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቅዳሜ የጓደኛዋ ሠርግ ነው፣ ዌምብሊ። ሙሽራዋ ስትገባ ሃና ብቻዋን ልትጫወት ቃል ገብታለች። ሰናይት ደግሞ ሣጥኑን ድሮም አልወደደችውም። "ሊፈነዳ ነው! አባባ አጠገቡ ይተኛሉ! ካውንስሉ አሮጌ ዕቃ እንዲያነሳ ቡክ አድርጌያለሁ፤ ካልተሠራ ዓርብ መጥተው ይወስዱታል" አለች።

ወርቁ ተጠራ። ወርቁ እኩያዬ ነው። አገር ቤት ሬድዮ ይጠግን ነበር፤ እዚህ ዋናው መንገድ፣ ሃይ ሮዱ ላይ፣ ስልክ ይጠግናል። ካቻቢቴው ከደረት ኪሱ አይለይም፤ ሠርግም ለቅሶም ይዞት ይሄዳል።

"ይሄ ሰውዬ ነው ከዚህ ጋር የሚተኛው?" አለ እኔን እያየ። "ታዲያ በሽታውን አልነገራችሁም?"

"እሳቸው ምን ይናገራሉ ብለው ነው፣ ጋሽ ወርቁ!" አለች ሰናይት።

"ሣጥኑ ይሻላል። እሱስ ቢያንስ ዝዝዝ ይላል።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ወርቁ ሥራ ጀመረ። ድምፁን ዜሮ አደረገው፤ ዝዝዝ። የጊታሩን ገመድ ነቀለ፤ ዝዝዝ። ሶኬቱ ይሆናል ብሎ ከወጥ ቤት ረጅም ገመድ ስቦ ሰካው፤ ዝዝዝ። ከዚያ በእርሳስ ጫፍ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ ያደርግ ጀመር። የታመመው ሲነካ ይጮኻል አለ። ሐኪም ደረት ሲያንኳኳ እንደሚያዳምጠው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ። አንዷ ትንሽ ጮኸች። ቀየራት። ዝዝዝ። በእያንዳንዱ ዝዝዝ አፌን እከፍታለሁ፤ ሰናይት ወደ እኔ ዘወር ስትል እዘጋዋለሁ።

በመጨረሻ ካቻቢቴውን ኪሱ መለሰ። "ትራንስፎርመሩ ነው። አርጅቷል፤ ሸኙት" አለ።

ሰናይት ስልኳን አነሳች። ሃና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሣጥኑን በመዳፏ ዳበሰችው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች፤ "ሶሪ አባባ። ጧት ጧት ዓይንዎን ጨፍነው የሚሰሙት ነገር ሊሄድ ነው" አለችኝ።

ለካ ስታየኝ ኖራለች።

"ቆሎዬ ነው" አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ወርቁ "ምን አልክ?" አለ።

ጉልበቴ "ጧ" እያለ ተንበረከክኩ። ወርቁ "ይነቀል! ይነቀል! ይሄ ነገር ይናከሳል!" ብሎ እጄን ያዘኝ። ነቀለና ኤሌክትሪኩ ከውስጡ እስኪወጣ ጠብቆ ጠብቆ፣ ቆርቆሮውን ራሱ ጎትቶ አወጣው። ከፈተው። አሸተተው። አንድ እፍኝ አፉ ውስጥ ጨመረ። "ትራንስፎርመሩ ጥሩ ተቆልቷል" አለ።

ሰናይት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የእኔ ልጅ መሆኗን ያን ዕለት አወቅኩ።

ሣጥኑ እንደገና ተበራ። ጧ፣ እምምም፣ ሽውታ፤ ዝዝዝ የለም። ሃና ወፍራሙን ክር መታችው። ንጹሕ ነው። ደግማ መታችው። ፊቷ ጨፈገገ። "ክሊን ነው። ግን ደረቅ ሆነብኝ" አለች።

"በገና እንዝራው ሲወጣ እንዲህ ነው" አልኳት። እንዝራ ከበገናው አውታር ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። በገናውን የምታንዘረዝረው እሷ ናት፤ ያለ እሷ በገናው ይናገራል እንጂ አያለቅስም። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መናገሬ ነው።

ቆርቆሮው ወደ ቦታው ተመለሰ። ካውንስሉ ተሰረዘ። ቅዳሜ ዌምብሊ ሙሽራዋ ስትገባ አዳራሹ ሙሉ በዚያ ዝዝታ ተሞላ፤ ሰናይት እንኳ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

እውነት የተናገረ ምን ያገኛል? እኔ አምፕሊፋየሩን አዳንኩ። ሃና ግን ድምፁ እንዳይለወጥ አንድ ፍሬ መጉደል የለበትም አለች፤ ሰናይትም ደስ እያላት ቆርቆሮውን ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው።

አሁንም ጧት ጧት ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ። ጧ ይላል፤ እምምም ይላል፤ ዝናቡ ከማዶ ይመጣል። ከዚያ ቆሎዬ ዝዝዝ ይላል። ደርቋል። በድምፁ አውቀዋለሁ።