ለፕሮሰሶች የተሰጠ የቀትር ዕረፍት

ጥበብ በድንኳን ድሬዳዋ በገባችበት በዚያ ታላቅ ሰኞ ያልተጠራ ሰው አልነበረም፤ ከየኔነሽ በቀር። ካሜራ የሚያነሣው ተጠርቷል። ድንኳን የተከለው ተጠርቷል። የውኃ ካርቶን ያወረደው ሰው እንኳ «ቁጭ በል እንጂ ወንድሜ» ተብሏል። ሃያ ስድስት ዓመት የመሥሪያ ቤቱን በር እየፈተሸች ያስገባችና ያስወጣች ሴት ግን፣ ስለ በር ሲመከር «እስቲ አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚላት አላገኘችም። ትክክል ነው። ስለ በር ሲመከር በረኛ ከተጠራ አማካሪው ምን ሊበላ ነው?

የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ሰሌዳው ላይ የነበረውንም ፀሐይ ከበላው ቆይቷል።

ነገሩ የተጀመረው ከአሥር ቀን በፊት ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍቅረ ማርያም ሠራተኛውን ሰብስቦ (የኔነሽ «ሰብስበው» እንድትል ሦስት ጊዜ ተመክራለች፤ ድሬ ላይ ግን አንቱታ ከረፋዱ አያልፍም፣ በሙቀት ይቀልጣል) እንዲህ አለ፦ «ከእንግዲህ የኮምፒውተር ሲስተማችን በአስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር ፖሊሲ ይጠበቃል!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ምን እንደሆነ የገባው ሰው ስላልነበረ ማንም አልተቃወመም። ሙሉ ስምምነት የሚባለው ይኸው ነው።

የኔነሽ እጇን አወጣች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እማማ፣ ይሄ የተማረ ሰው ጉዳይ ነው። አንቺን አይመለከትም።»

«በር ነው ወይስ በር አይደለም?»

«እ... በምሳሌ ደረጃ በር ነው።»

«እንግዲያው ይመለከተኛል።»

ሳቁባት። እሷም ሻሿን አጥብቃ ተቀመጠች፤ የሳቁትን ግን አንድ በአንድ አየቻቸው።

የኮምፒውተር ባለሙያው ዘርዓብሩክ አንጀቱ አልችል ብሎት በኋላ በሩ ድረስ መጥቶ አስረዳት። ማሽኑ ውስጥ ብዙ ሥራ በየራሱ ይሮጣል፤ አንዱ ያትማል፣ አንዱ መዝገብ ያወጣል፣ አንዱ ማሽኖቹ ያሉበትን የሰርቨር ክፍል ያቀዘቅዛል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ይባላል። ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ መለያ ይለጠፍለታል፤ የት ገብቶ ምን እንደሚነካ በሕግ ይጻፍለታል። ያልተጻፈው ሁሉ ክልክል ነው። መለያ የሌለውማ ምንም አይነካም። አስገዳጅ የተባለውም የአለቃ ትእዛዝ ስለማይሽረው ነው።

«የአለቃ እንኳ?»

«የአለቃ እንኳ።»

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሕግ ሰው ላይም ቢወጣ!» አለችና ቀጠለች። «ታዲያ ማን የት እንደሚገባ በምን አወቃችሁ?»

ዘርዓብሩክ አንገቱን አከከ። «እንደ ወጉ ቢሆን መጀመሪያ ምንም ሳይከለከል ይለቀቅና ማን ምን እንደሚነካ ሁለት ሦስት ሳምንት ይመዘገባል። ሕጉ የሚጻፈው ከዚያ ነው።»

«እኔስ ስቀጠር ምን አደረግሁ? አንድ ወር ዝም ብዬ አየሁ። ማን በጓሮ እንደሚወጣ፣ ማን ከምሳ በፊት ሁለቴ እንደሚጠፋ። ከዚያ ወዲያ ማንን እንደማቆም መጽሐፍ አላስፈለገኝም። ታዲያ ለምን አታዩም?»

«ምረቃው ሰኞ ነዋ።»

ምረቃ ከደረሰ ዕውቀት ይጠብቃል እንጂ ምረቃ አይጠብቅም።

ሕጉ ከምን ይጻፍ? አቶ ፍቅረ ማርያም አርቆ አሳቢ ነውና ከሠራተኛ አስተዳደር መመሪያው ይገልበጥ አለ። «ፕሮሰስ ከሠራተኛ በምን ይለያል?» ብሎም ጠየቀ። በሦስት ቀን ውስጥ ፕሮሰሶች ሁሉ ደረጃ ወጣላቸው። የሚያትመው ደረጃ አራት ስለተመደበ የደረጃ ሰባትን መዝገብ ማንበብ ድፍረት ነው ተብሎ ተከለከለ፤ ሳያነብ ያትም። ቫይረስ የሚይዘው፣ ቫይረስ ባየ ጊዜ በአራት ቅጂ ሪፖርት አቅርቦ መልስ እስኪመጣለት እንዲጠብቅ ሆነ። የሚያቀዘቅዘው በጽዳትና ተላላኪ ሥር፣ የሰርቨር ክፍሉን የኤሌክትሪክ በር የሚከፍተው በጥበቃ ሥር ተደለደሉ። መመሪያው ደግሞ የድሬዳዋ መመሪያ ነውና፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሁሉም የቀትር ዕረፍት ተፈቀደ።

«ማቀዝቀዣው በቀትር ይረፍ?» አለ ዘርዓብሩክ።

«ሙቀቱን አታየውም እንዴ? በዚህ ሙቀት ማን ይሠራል?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ርኅራኄው የታወቀ ነው።

ፖሊሲው እንዲህ ካማረ ለሰውም ይድረስ ተባለና ለሠራተኛው ሁሉ ደረት ላይ የሚንጠለጠል መለያ ታተመ። የኔነሽ ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ። የንብረት ክፍሏ ስምረት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እማማ፣ የለሽም። መደቡ ታጥፏል። ከምረቃው በኋላ በሩን ማሽን ነው የሚጠብቀው።»

«እስከዚያስ እኔ ምንድን ነኝ?»

«መለያ የሌለው በሚለው ውስጥ ነሽ።»

ከሰው ፊት አላለቀሰችም፤ ቤቷ ገብታም አላለቀሰችም ትላለች። የኔነሽ ልጅ አልወለደችም። በዚህ ከተማ ስሟን ጠርቶ ሰላም የሚላት ሁሉ በዚያ በር ያለፈ ሰው ነው። በሩን ከወሰዱባት ከንቲባም ቢሆን ከከተማው ጋር አያስታርቃትም።

እነሆ ሰኞ። የኔነሽ ዋናው በር ጥግ፣ ከሰርቨር ክፍሉ ደጃፍ አጠገብ ቆማለች። አጠገቧ ኒምኮ አለች፤ ወደ ዋሂል ገበያ ቲማቲም የምትጭን ነጋዴ ናት፤ ለጭነቱ የፈቃድ ወረቀት ልትወስድ በጠዋት መጥታለች።

«ሆዮ፣ አቦ አይሱዙው ፀሐይ ላይ ነው! ቲማቲሙ ስጎ ሆነ እኮ!» አለች፤ «ሆዮ» በሶማልኛ እናት ማለት ነው።

«አልታተመልሽም?»

«ታትሟል!» ኒምኮ ወረቀቱን ዘረጋችው። በነጭነቱ ዓይን ይወጋል፤ ማኅተም ብቻ አለበት። «ዋላሂ ባዶ ነው! ለምን ስላቸው ማተሚያው እንዲያነብ ደረጃው አይፈቅድለትም አሉኝ!»

በድንኳኑ ውስጥ አቶ ፍቅረ ማርያም ንግግሩን እያገባደደ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ የራሴ ትእዛዝ እንኳ ይህን ፖሊሲ አይሽረውም!» ተጨበጨበ። ከዚያ ለፎቶ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ገባ፤ መለያው የሚፈቅድለት እሱ ብቻ ስለነበር ብቻውን ገባ። ካሜራው በመስኮቱ መስታወት በኩል አነጣጠረ። ክራቫቱን አስተካከለ፤ ወደ ሩቅ የሚያይ መሪ መሰለ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። መቆለፊያው በሩን እንደቆለፈ ዕረፍት ወጣ። ማቀዝቀዣውም ዕረፍት ወጣ።

«ክፈቱ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ጌታዬ፣ መቆለፊያው ዕረፍት ላይ ነው» አለ ዘርዓብሩክ በበሩ ቀዳዳ።

«ቀስቅሰዋ!»

«እኔም ወደ ሲስተሙ የምገባበት ፕሮሰስ ዕረፍት ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ይመለሳሉ።»

«እኔ አዝዣለሁ!»

«እሱማ አይሽረውም። አሁን በንግግርዎ ያመሰገኑት ይህንኑ ነው።»

በሩ ይሰበር ቢባል ስምረት እጇን ዘርግታ ቆመች፤ በሩ ገና በንብረት መዝገብ ገቢ አልሆነም፣ ገቢ ያልሆነ ንብረት አይሰበርም። በመስታወቱ ሲታይ አቶ ፍቅረ ማርያም ኮቱን አወለቀ። ቀጥሎ ክራቫቱን። ቀጥሎ ጫማውን። ካሜራው ማንሣቱን አላቋረጠም፤ ታሪክ ነውና።

«መብራቱን አጥፉታ!» አለች የኔነሽ።

ሁሉም ዞሩ።

«መብራት በሄደ ቁጥር ይሄ በር ራሱን ይለቃል። ባለፈው ሳምንት አራቴ ሄዶ አራቴ ተከፍቷል። አላያችሁም?»

አላዩም። ዘርዓብሩክ ግንባሩን መታ፤ በሩን የያዘው ማግኔት ነው፣ መብራት ከሌለ አይዝም። መብራቱን የሚያጠፋው ብሬከር እዚያው የኔነሽ ጎን ግድግዳው ላይ ነው። ግን ማን ይንካው? የመንካት መለያ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኹርሲ ነው፤ ኹርሲ ደግሞ ቀትር ነውና በርጫ ላይ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ስልኩን ዘግቷል። ሌላው ሁሉ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን እያየ ወደ ኋላ አለ።

«እማማ!» አለ ድምፁ ከውስጥ። «አንቺ ንኪው!»

«እኔ? መለያ የለኝም። መለያ የሌለው ምንም አይነካም።»

«እኔ ፈቅጃለሁ!»

«የአለቃ ትእዛዝ አይሽረውም አልክ እኮ። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ የሰማሁትን ነው የምይዘው።»

ኒምኮ በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እናቴ! እባክሽ! ምን ላድርግ?»

«እናት የሆንኩት ገና ዛሬ ነው? መለያዬን ጻፍና በበሩ ሥር አሹልከው።»

ትንሽ ቆይቶ ላብ የነካው ወረቀት ብቅ አለ። የኔነሽ ለኒምኮ ሰጠቻት። ኒምኮም ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦ «ወይዘሮ የኔነሽ ያቀረቡት ጥያቄ በቀጣይ በሚቋቋመው ኮሚቴ በአዎንታ እንዲታይላቸው...»

«አንቱ አለኝ?»

«አንቱ ብሎሻል።»

«ኮሚቴም አለበት?»

«አለበት፣ ሆዮ።»

የኔነሽ ወረቀቱን ወስዳ በበሩ ሥር መልሳ አስገባችው፤ አፏንም ወደ ቀዳዳው አስጠጋች።

«ስማ ፍቅረ ማርያም። አንቱታውን አውጣው፤ ኮሚቴውንም አውጣው። ‹የኔነሽ በሩ ላይ ናት፤ ማንም አያነሣትም› በልና ፈርም። ከሥሩ የዚችን ልጅ የዋሂል ፈቃድ በገዛ እጅህ ጻፍላት፤ ማተሚያህ እንደኔው ማንበብ አይችልም። ደግሞ ፍጠን። አንተ ትቆያለህ፤ ቲማቲሙ ነው የማይቆየው።»