በር አይሰበርም፣ ይጠየቃል

በየቤቱ አንድ አዋቂ አይጠፋም፤ የሚያውቀውን በቀጥታ ቢናገር ዕድሜው የሚያጥር የሚመስለው። በእኛ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት የባለቤቴ አባት፣ ክቡር ጡረተኛ ቁልፍ ሠሪው ናቸው።

ግራ የሚያጋባ ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጉልናል፤ ቀሪውን በጥያቄ ፈልቅቀን ማውጣት የእኛ ፈንታ ነው። ከእሳቸው የሚገኘው "አዎ" ወይም "አይደለም" ብቻ ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ታክቶት፣ እንደ ልጅነት እንቆቅልሽ አገር ልስጥዎትና ይንገሩን ቢላቸው፣ "አገሩን ምን ላደርገው? ጠይቅ እንጂ" አሉት። በሥራቸውም እንዲሁ ነበሩ አሉ። ደንበኛው ውጭ ቀርቶ ሲንቆራጠጥ፣ መቆለፊያውን በቀጭን ሽቦ እየነካኩ "በር አይሰበርም፣ ይጠየቃል" ይሉት ነበር።

ችግሩ ጨዋታውን ከኑሮው አለመለየታቸው ነው። አንድ ቀን የምሠራበት ፋርማሲ ድረስ ደወሉ።

"አንድ ሽማግሌ ሳሎን ውስጥ ቆሟል። ካልሲው ርሷል። ጠይቂ።"

ዝናብ ነው? አይደለም። ልጄ ውሃ ደፍታ ነው? አይደለም። መድኃኒት የሚጠብቁት ሰዎች በዓይናቸው እየበሉኝ፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተከፍቶ መዋሉ ላይ የደረስኩት በዘጠነኛው ጥያቄ ነው። ምንጣፉ ያን ጊዜ ዋና ጀምሯል። ቶሎ ቧንቧ ብል ኖሮ ይተርፍ ነበር ብለው እኔኑ ወቀሱኝ።

ባለፈው ወር ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ተገኘና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሟ ለሦስት ሳምንት ትንፍሽ እንዳይሉ አዘዘች፤ ድምፃቸው ይመለስ አይመለስ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው አለች። ባለቤቴ "እንግዲህ ቤቱ አረፈ" ብሎ ቀለደ። ራሱም አልሳቀም።

በማግስቱ ሆስፒታል ስደርስ የአልጋውን ብረት በጣታቸው ያንኳኳሉ። አንዴ አዎ፣ ሁለቴ አይደለም መሆኑን ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

"ያምዎታል አባባ?" ሁለቴ። ውሃ? ሁለቴ። ትራሱ ነው? ሁለቴ፣ በንዴት። ያኔ ትዝ አለኝ። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ጀምረውልን የቀረ ታሪክ ነበር፤ አንድ ሰው የራሱን ቤት በር አንኳኳ፤ የሚከፍትለት ሲያጣ ደስ ብሎት በቁልፉ ከፍቶ ገባ።

"የበሩ ሰውዬ ነው?" አንዴ።

ሰውዬው ሌባ ፈርቶ አልነበረም። ከቤተሰብም አልተጣላም። ሁልጊዜ የምትከፍትለት ሴት ነበረች? አንዴ። አውቃታለሁ? አንዴ።

ልጄን ከወለድኩ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ከቤት መውጣት አቅቶኝ ነበር። እሳቸው ከውጭ ሲመለሱ ያንኳኳሉ፣ እኔ በዚያው ቢጃማ እከፍታለሁ። ምን ሆንሽ ብለውኝ አያውቁም። ቁልፍ ሠሪ ቁልፉን ኪሱ ይዞ ለምን እንደሚያንኳኳ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

"ሴትየዋ ያን ቀን ልጇን ይዛ ሥራ ልትጠይቅ ወጥታ ነበር?"

አንዴ። በቀስታ።

አሁን መልሱን ብናገር ጨዋታው ያልቃል። ዓይኔን በጣቴ ጠረግኩና "አልገባኝም አባባ" አልኳቸው። "ድምፅዎ ሲመለስ ራስዎ ይነግሩኛል።"

ክቡርነታቸው ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝና ብረቱን ሁለቴ አንኳኩ።