የአንድ ጉልበት ነዋሪነት

ጠቢብ አስተዳደር ሰማይን ለፈጣሪው ትቶ ምድርን ሲያካልል፣ ሳይካለል የሚቀር ስንዝር መሬት እንዳይኖር ይተጋል። ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ በሁለት ወረዳዎች መካከል የተሰመረው አዲሱ ወሰን የዚህ ትጋት ፍሬ ነበር። ወሰኑ ከአንድ ጽድ ሥር ተነሥቶ፣ በሐሩን መስኮት ገብቶ፣ አልጋውን አቋርጦ፣ በጓሮ በር በክብር ወጣ።

ሐሩን የሚኒባስ ሾፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ ጉልበቱ አንድ ማለዳ አልታጠፍም ብሎ ከደረቀ ወዲህ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ ሥር ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ሐኪሙ “ቀዶ ጥገና ካላደረግህ መሪ ከመጨበጥ ተሰናበት” ብሎታል። ደግነቱ የጤና መድን አባል ነው። የላይኛው ወረዳ መድን ቀዶ ጥገና ከሚያደርግ ሆስፒታል ጋር ውል አለው፤ የታችኛው ወረዳ ውል ግን ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር ሲሆን፣ ጤና ጣቢያው ለጉልበት ሕመም የማስታገሻ ክኒንና መልካም ምኞት ይሰጣል።

ወሰኑ በቤቱ ማለፉን የሰማ ዕለት ሐሩን “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” እያለ ተደሰተ። ወዲያው ግን “ነዋሪ ማለት ራሱን በወረዳው ውስጥ አሳርፎ የሚተኛ ሰው ነው” የሚል ጥልቅ መመሪያ ወጣ። ባለቤቱ ሰልዋ ይህን እንደሰማች ትራሱን ከታች አንሥታ ወደ ላይ አዞረችው።

ባላዎቹም ለማጣራት በአካል መጡ፤ ከላይኛው ወረዳ አቶ ዋቅጅራ፣ ከታችኛው ወይዘሮ አዝመራ። በአልጋው ላይ ሲባጎ ወጠሩና ሐሩንን “እንደ ሌሊቱ ይተኙ” አሉት። ተኛ።

“ራስዎ የእኛ ነው” አሉ አቶ ዋቅጅራ በታላቅ ልግስና። “ባመመዎት ጊዜ ያለ አንዳች ማቅማማት እናሳክመዋለን።”

“ራሴንስ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ነው እንጂ።”

“ጉልበትዎ የሚያድረው ከወይዘሮ አዝመራ ዘንድ ነው።”

“ከማን ዘንድ?” አለች ሰልዋ ከበሩ።

“ኧረ እኔ ዘንድ አላደረም!” አሉ ወይዘሮ አዝመራ ደንግጠው። “ነዋሪነት በራስ ነው። ራስ የሌለውን ጉልበት ምን ብዬ ልመዝግበው?”

“እንዲህ ከሆነ አጥፎ ይተኛ!” አለች ሰልዋ። “ጉልበቱን ወደ ሆዱ ከሰበሰበው ሲባጎውን ያልፍ የለም እንዴ?”

አቶ ዋቅጅራ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። “ከመመሪያው ጋር የማይጋጭ መፍትሔ ነው። አቶ ሐሩን፣ እስቲ ይሞክሩት።”

“ወላሂ፣ ቢታጠፍማ እናንተን ምን አመጣችሁ?”

አቶ ዋቅጅራ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ ከእንዲህ ዓይነት ምርመራ ብቻ የሚወለደውን ውሳኔ ተናገሩ።

“ስለዚህ ጉልበቱ ለመታከም መታጠፍ አለበት፤ ለመታጠፍ ደግሞ መታከም አለበት። ጉዳዩ ግልጽ ሆኗል!”

ወይዘሮ አዝመራ አጨበጨቡ። አቶ ዋቅጅራም የግልጽነቱን ስፋት ራቅ ብለው ለማየት ወደ ኋላ ሲራመዱ፣ የሲባጎው ትርፍ ጠልፎ በጀርባቸው ዘረጋቸው። ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ራሳቸው ግን ከሲባጎው ወዲያ፣ በታችኛው ወረዳ መሬት ላይ አረፈ።

ወይዘሮ አዝመራ ፊታቸው በራ። “እንኳን ወደ ወረዳችን በደህና መጡ! ክኒን ይታዘዝልዎት?”

“ጎትቱኝ!” አሉ አቶ ዋቅጅራ። “ሰው ካላችሁ ጎትቱኝ!”

ሐሩን እያነከሰ ከአልጋው ወርዶ አንዱን ብብታቸውን ያዘ፤ ሰልዋ ሌላውን። ከነክራባታቸው ወደ ላይኛው ወረዳ ተጎተቱ። እዚያ እንደደረሱ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ለሆስፒታሉም ራሳቸው ደወሉ፤ አምቡላንስም ሳይዘገይ መጣ።

ቃሬዛው ሲነሣ ሐሩን እሳቸው በወደቁበት ስፍራ በጀርባው ተንጋለለ።

“ጌታዬ፣ መንገዱን አሳዩን እኮ! በሉ እኔንም እንዲሁ ከራሴ እስከ እግሬ ጎትቱኝ!”

አቶ ዋቅጅራ ከቃሬዛው ቀና ብለው፣ አባት ልጁን በሚገሥጽበት ርኅራኄ ተመለከቱት።

“አቶ ሐሩን፣ በሕግ አይቀለድም። እኔ ለአፍታ ወድቄ ነው፤ እርስዎ ግን እዚህ ይኖራሉ።”